የበሉት ሁሉ ደም አይሆንም

እ.ኤ.አ. በ1958 ወደ ኢራን፣ ሺራዝ ከተማ ያቀኑት ህንዳዊው ሐኪም አናንዳ ፕራሳድ አንድ እንቆቅልሽ ገጠማቸው። ታካሚው የ21 ዓመት ወጣት ነው፤ ሲያዩት ግን የ10 ዓመት ልጅ ይመስላል። ጢም አላበቀለም፣ ደም አንሶታል፣ አፈር ይበላል። የሚበላው ግን አላጣም፤ የስንዴ ቂጣ በየቀኑ ይበላ ነበር።

ፕራሳድና ባልደረቦቻቸው የእሱንና የመሰሎቹን ታሪክ በ1961 አሳተሙ፤ የዚንክ እጥረትንም ጠረጠሩ። በ1963 ግብፅ ውስጥ የሠሩት ጥናት ጥርጣሬውን አጸናው። ስንዴው ዚንክ አልጎደለውም። ዚንኩን አስሮ የያዘ ነገር ነበር፦ ፋይቴት።

ፋይቴት የዘር ጎተራ ነው። ተክሉ አብዛኛውን ፎስፈረስ በዚህ መልክ ያስቀምጣል፤ ዘሩ ሲበቅል ይጠቀምበታል። የሰው አንጀት ግን ይህን ቋጠሮ በደንብ የሚፈታ ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ ብረቱም ዚንኩም እንደታሰረ ያልፋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ጥንታዊ ነው፦ ማቡካት። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ቀናት ሲቆይ ፋይቴቱ ይቀንሳል። እናቶች ኬሚስትሪውን ሳይማሩ ሥራውን ሠርተውታል።

ሁለተኛው ዘሩን ራሱን ማሻሻል ነው። በ1990ዎቹ አሜሪካዊው ተመራማሪ ቪክተር ራቦይ ፋይቴቱ ያነሰ በቆሎ አገኙ። በ2000 ደግሞ እሳቸው የተሳተፉበት ቡድን ፋይቴቱ የቀነሰ አኩሪ አተር ይፋ አደረገ። ዋጋ ግን ነበረው፤ ከእነዚህ ዘሮች አንዳንዶቹ ማሳ ላይ በደንብ አልበቀሉም። ጎተራው ሲጎድል ቡቃያው ይቸገራል። አዳቃዮች ሁለቱን ለማስታረቅ ዓመታት ወስዶባቸዋል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው በእሸት አኩሪ አተር ላይ ነው። ጃፓኖች ኤዳማሜ ይሉታል፤ ከነቆባው ቀቅለው፣ ጨው ነስንሰው ይበሉታል። ፋይቴት ፍሬው እየሞላ ሲሄድ የሚከማች በመሆኑ የሚለቀምበት ጊዜ ለውጥ ያመጣል። ነገር ግን እሸት አይቦካም፤ ዘሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ሆድ ይገባል። እዚህ ላይ እርሾ የሚሠራውን ሥራ መሥራት ያለበት አዳቃዩ ነው።

አኩሪ አተር ዛሬ ወለጋና መተከልም ይመረታል። አዲስ ዝርያ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠየቀው በሄክታር ስንት ኩንታል ይሰጣል የሚለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። የሺራዙ ወጣት ታሪክ ሌላውን ግማሽ ያስታውሳል፦ ከኩንታሉ ውስጥ ስንቱ ደም ይሆናል?