የሎግ ቆይታ በቢሮ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች

ሎግ ኮምፒውተር ስለ ራሱ የሚጽፈው የውሎ መዝገብ ነው። ማሽኑ መቼ እንደተከፈተ፣ ማን የይለፍ ቃል አስገብቶ እንደገባ፣ ማን ሞክሮ እንዳልሆነለት፣ የትኛው ፕሮግራም ተበላሽቶ እንደተዘጋ ይመዘግባል። የሎግ ቆይታ የሚባለው ደግሞ ይህ ጽሑፍ ሌላ እስኪተካው ድረስ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። በአብዛኛው ቢሮ ይህን ቅንብር የነካው ሰው የለም፤ ዊንዶውስ ሲጫን እንደመጣ ይኖራል፤ ትዝ የሚለውም ፋይል ጠፍቶ ወይም ሰው ተጠርጥሮ «ባለፈው ወር ማን ነበር የገባው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ዊንዶውስ ዋናዎቹን ሎጎች አፕሊኬሽን፣ ሴኪዩሪቲ እና ሲስተም ብሎ በሦስት ይከፍላል። ይህ አከፋፈል በ1993 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ 3.1 ጀምሮ የነበረ ነው። የተለወጠው ቦታው ነው። በኤክስፒ ዘመን ለአንድ ሎግ የሚሰጠው 512 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ሊጠፋ የሚችለውም 7 ቀን ያለፈው ጽሑፍ ብቻ ነበር። ሥራ የሚበዛበት ማሽን ሳምንቱ ሳያልቅ ቦታውን ይጨርስና ሎጉ መሙላቱን የሚናገር መልእክት ስክሪኑ ላይ ይደቅናል። ከቪስታ ወዲህ ቦታው 20 ሜጋባይት ሆነ፤ ሲሞላም አሮጌው እየጠፋ አዲሱ ይጻፋል። መልእክቱ ቀረ። ከመልእክቱ ጋር ግን ማስጠንቀቂያውም ቀረ፤ ዛሬ መዝገቡ የሚጠፋው ድምፅ ሳያሰማ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አለቃው «የሦስት ወር ሎግ ይቀመጥ» ብሎ ያዛል፤ ዊንዶውስ ግን የሚጠይቀው በኪሎባይት እንጂ በቀን አይደለም። ስለዚህ ቀኑን ወደ መጠን መመንዘር የአይቲ ባለሙያው ሥራ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የዊንዶውስ ሎግ ማንበቢያ የሆነውን ኢቨንት ቪወርን ከፍቶ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ሎግ በቀን ቅደም ተከተል ማየት፤ ሎጉ ሞልቶ ሳለ የመጨረሻው አሮጌ ክስተት የ6 ቀን ዕድሜ ካለው፣ 20 ሜጋባይት የያዘው 6 ቀን ብቻ ነው ማለት ነው። ለ90 ቀን 15 እጥፍ፣ ማለትም 300 ሜጋባይት ያስፈልጋል። በሎጉ ስም ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ፕሮፐርቲስ ውስጥ 307200 ብሎ መጻፍ ነው፤ ቁጥሩ በ64 የሚካፈል መሆን አለበት፣ ይህኛው ይካፈላል። የሒሳብ ክፍሉ ማሽንና የእንግዳ መቀበያው ማሽን እኩል ስለማይጽፉ ልኬቱን በሁለቱም ላይ መሥራት ይበጃል።

መጠኑን ማሳደግ የሚጠቅመው ለወደፊቱ ብቻ ነው። አንዴ የተደረበበትን አይመልስም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚያው የፕሮፐርቲስ ሳጥን ውስጥ ሎጉ ሲሞላ ምን ይደረግ የሚሉ ሦስት ምርጫዎች አሉ። አንደኛው በአሮጌው ላይ መደረብ ነው፤ ለተራ ዴስክቶፕ የሚሻለውም ይህ ነው። ሁለተኛው የሞላውን ፋይል በማኅደር አስቀምጦ አዲስ መጀመር ነው። ሲሰሙት ያጓጓል፤ ነገር ግን ማኅደሮቹ እዚያው ሲ ድራይቭ ላይ ይከማቻሉ፣ ዊንዶውስም መልሶ አያጠፋቸውም። ጠራጊ ካልተመደበ ዲስኩ ይሞላል። ሦስተኛው ሰው እስኪያጸዳው ድረስ ምንም አለመደረብ ሲሆን፣ ሎጉ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ክስተት ሳይመዘገብ ያልፋል። ለጠፋው ፋይል መልስ የሚሰጠው ያ ያልተመዘገበው ሊሆን ይችላል።

መዝገቡን የሚያነብ ሰው ከሰዓት ጋርም ይታገላል። ዊንዶውስ ክስተቱን የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ግን በማሽኑ የሰዓት ክልል አስልቶ ነው። ጥበቃው «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮው ውስጥ መብራት አየሁ» ቢል፣ ኢቨንት ቪወር ላይ የሚፈለገው 2:00 ነው። ዝርዝሩን በኤክስኤምኤል ላየው ሰው ደግሞ ያው ክስተት 23:00 ይላል፤ ቀኑም የትናንት ነው። ሦስቱም ትክክል ናቸው።

የባሰው የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሲሞት ነው። ያን ጊዜ መብራት በጠፋ ቁጥር የማሽኑ ሰዓት ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሰዓቱ እስኪስተካከል ድረስ የሚጻፈው ክስተትም በዚያው አሮጌ ቀን ይመዘገባል። በቀን የደረደረ ሰው አያገኘውም። የክስተቱ ተራ ቁጥር ግን ሰዓቱ ቢዘባረቅም መከታተሉን አይተውም፤ እሱን ይዞ መሄድ ነው። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መቆሙን የሚናገረው የሲስተም ሎግ ክስተት 6008 ሲሆን፣ የሚጻፈው ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ነው።

ለመጠኑ መነሻ የሚሆን የታወቀ ልክ አለ። ሴንተር ፎር ኢንተርኔት ሴኪዩሪቲ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለሴኪዩሪቲ ሎግ ቢያንስ 196,608 ኪሎባይት፣ ለአፕሊኬሽንና ለሲስተም ደግሞ 32,768 ኪሎባይት ይመክራል። የክፍያ ካርድ መረጃ የሚነኩ ድርጅቶች የሚገዙበት ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለው መስፈርት ሎግ 12 ወር እንዲቆይ፣ የቅርቡ 3 ወርም ወዲያው የሚገኝ እንዲሆን ያዛል። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል፤ ይህ የሚመለከተው አገልግሎት ሰጪዎችን እንጂ የማንኛውንም ቢሮ ዴስክቶፕ አይደለም።

አምስት ኮምፒውተር ያለው ቢሮ ቅንብሩን በእጅ ማስተካከል ይችላል። ሃምሳ ያለው ግን ማሽኖቹ በዶሜይን ውስጥ ካሉ በግሩፕ ፖሊሲ አንዴ አስተካክሎ ለሁሉም ማስተላለፉ ይቀለዋል። እንዲያም ቢሆን ማሽኑ ፎርማት ሲደረግ ሎጉ አብሮ ይሄዳል፤ ቴክኒሻን የተበላሸ ዴስክቶፕ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ደግሞ ፎርማት ነው። ስለዚህ አስፈላጊ ክስተቶችን በዊንዶውስ ውስጥ ባለው የማስተላለፊያ አገልግሎት ወደ አንድ ሰርቨር መላክ ይመረጣል። ከዊንዶውስ በተለየ ሊኑክስ በቀንም በመጠንም መወሰን ያስችላል፤ ሎጉን የሚይዘው የሲስተምዲ ጆርናል ቅንብሩ ካልተነካ የፋይል ሲስተሙን 10 በመቶ፣ ቢበዛ 4 ጊጋባይት ይይዛል።

ሎግ በእጅም ይጸዳል። ሴኪዩሪቲ ሎግ ሲጸዳ ግን ዊንዶውስ በባዶው መዝገብ ላይ መጀመሪያ የሚጽፈው ክስተት 1102ን ነው፤ በውስጡም ያጸዳው አካውንት ስም አለ።