ከፍትፍቱ ፊቱ፤ የጃፓን የክብር ገበታ ታሪክ

አንባቢ ሆይ፤ አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ብለው የተናገሩት ምሳሌ ከአፋችን ስለማይለይ ጥልቀቱን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ ከሚቀርብለት መብል አስቀድሞ የሚያየው የባለቤቱን ፊት ነው። ፊቱን ያጠቈረ ሰው ያቀረበው ጮማ ከጉሮሮ አይወርድም፤ በደስታ የተቀበለ ሰው ያቀረበው ቈሎ ግን ያጠግባል። ከእኛ እጅግ ርቆ በሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች የሚኖር አንድ ሕዝብ ይህንኑ አሳብ ሕግና ሥርዓት አበጅቶለት ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። እርሱም የጃፓን ሕዝብ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ሄደው ከተመለሱ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ስለ ጻፉ፥ የዚያ ሀገር ስም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ስለ ፋብሪካውና ስለ ትምህርት ቤቱም ብዙ ተነግሯል። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ገበታው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

አስቀድመን ገበታው ዛሬ ምን እንደሚመስል እንመልከት። በጃፓን «ሪዮቴይ» የሚባሉ የክብር ምግብ ቤቶች አሉ። በጥንታዊቱ መናገሻ በኪዮቶ ከተማ ከእነዚህ ወደ አንዱ የሚሄድ እንግዳ በደጃፉ የሚያገኘው የሚያብረቀርቅ መብራትና ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም። የሚያገኘው ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ መንገድ ነው፤ መንገዱም እንግዳው ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ውሃ ተረጭቶበታል። ያ የረጠበ ድንጋይ ያለ ቃል «ስንጠብቅዎ ነበር» የሚል ሰላምታ ነው። ከዚያ ጫማውን አውልቆ የሰሌን ምንጣፍ ወዳለበት ክፍል ይገባል። በክፍሉ አንድ ወገን ግድግዳው ወደ ውስጥ ገባ ያለበት ቦታ አለ፤ በዚያም ለዕለቱ ታስቦ የተመረጠ ሥዕል ወይም ጽሕፈት ተሰቅሏል፤ ከሥሩም አበባ ተቀምጧል። የከበረው እንግዳ ጀርባውን ለዚህ ቦታ ሰጥቶ እንዲቀመጥ ይደረጋል።

ምግቡ «ካይሴኪ» ይባላል። በአንድ ጊዜ ተከምሮ አይቀርብም፤ በተራ በተራ ይመጣል እንጂ። በመጀመሪያ ምግብ የሚከፍት ጥቂት ነገር፥ ቀጥሎ ክዳን ባለው የእንጨት ጽዋ የጠራ ሾርባ፥ በስሱ የተቈረጠ ጥሬ ዓሣ፥ የተጠበሰ ዓሣ፥ በቀስታ የተቀቀለ አትክልት ይቀርባል፤ በመጨረሻም ሩዝ፥ ከቦካ አኩሪ አተር የተሠራ ሾርባና በጨው የተቀመጠ አትክልት መጥቶ በፍራፍሬ ይደመደማል። ሳሕኑም ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል፤ በበጋ ሙቀት ዓይንን የሚያቀዘቅዝ ብርጭቆ፥ በክረምት ብርድ እጅን የሚያሞቅ ወፍራም ሸክላ ይመረጣል። አንዱ ሳሕን ከጥቂት ጉርሻ በላይ አይሞላም፤ ዋጋው ግን በታላላቆቹ ቤቶች ለአንድ ሰው በብዙ አሥር ሺሕ የን ይቈጠራል። አንባቢ «ይህን ያህል ገንዘብ ለዚህች ጉርሻ?» ብሎ ቢደነቅ እውነት አለው። መልሱ የሚገኘው ግን ከሒሳብ ሳይሆን ከታሪክ ነው፤ ይህ ውድ ገበታ የተወለደው ከድኻ ቤት ነውና።

የቡድሃ ሃይማኖት በስድስተኛው መቶ ዓመት ጃፓን ከገባ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ በ675 ዓ.ም. የከብት፥ የፈረስ፥ የውሻ፥ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ በዓመቱ ውስጥ በተወሰኑ ወራት እንዳይበላ አዋጅ አወጣ። መነኮሳቱማ ከሥጋም ከዓሣም ፈጽሞ ተከለከሉ። ስለዚህ የገዳሙ ወጥ ሠሪ ከአኩሪ አተር፥ ከሥራ ሥርና ከባሕር ቅጠል ጣዕም ማውጣት ግድ ሆነበት። የእኛም ሀገር ወጥ ሠሪ በጾም ምክንያት ከሽንብራና ከምስር ምን ያህል ጣዕም ለማውጣት እንደ ቻለች የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በዚህ መንገድ ከሄዱት ሁሉ ስሙ የገነነው ዶገን የተባለው መነኵሴ ነው። ዶገን በ1223 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ቻይና በተሻገረ ጊዜ፥ በአንድ ገዳም ጀርባው የጐበጠ ሽማግሌ የወጥ ቤት ሹም በጠራራ ፀሐይ ላይ እንጉዳይ ሲያሰጣ አገኘው። ይህን ሥራ ለምን ለረዳት አትሰጠውም ብሎ ቢጠይቀው፥ ሽማግሌው ሌላው ሰው እርሱን አለመሆኑን ገለጠለት። ታዲያ ፀሐዩ እስኪበርድ ለምን አትቈይም ቢለው፥ ከዚህ የተሻለ ሰዓት ከየት ይመጣል ብሎ መለሰለት። ዶገን በዚህ ነገር አፈረ፤ ተማረበትም። ወደ ሀገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1237 ዓ.ም. ለገዳም ወጥ ቤት ሹም መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ ጻፈ። የመጽሐፉ ትምህርት ምግብ ማዘጋጀት ከጸሎት የማያንስ ሥራ ነው፤ ለተራ ቅጠልም እንደ ከበረ ነገር ሊጠነቀቁለት ይገባል የሚል ነው።

ሻይም ወደ ጃፓን የገባው በመነኮሳት እጅ ነው። ኤይሳይ የተባለው መነኵሴ በ1191 ዓ.ም. ከቻይና ሲመለስ የሻይ ዘር ይዞ እንደ መጣ ይተረካል። መነኮሳቱ በተመስጦ ሰዓት እንቅልፍ እንዳያሸንፋቸው ይጠጡት ነበር። በኋላ ግን ሻይ ወደ መኳንንቱ ቤት ገብቶ የሀብት መታያ ሆነ። የመኳንንቱም ግብር እንዲሁ ነበር፤ በአንድ እንግዳ ፊት እስከ ሰባት የሚደርሱ ትናንሽ ገበታዎች ይደረደሩ ነበር፤ ከቀረበውም ብዙው ለዓይን እንጂ ለአፍ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የለወጠው ከሳካይ ከተማ ነጋዴ ቤተ ሰብ የተወለደው ሴን ኖ ሪኪዩ ነው። ሪኪዩ በ1522 ዓ.ም. ተወለደ። ሻይ የሚጠጣበትን ቤት ከሣር ክዳንና ከጭቃ ግድግዳ ሠራው። በያማዛኪ እስከ ዛሬ የቆመውና የእርሱ ሥራ ነው የሚባለው የሻይ ቤት ስፋቱ ሁለት ሰሌን ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአራት ካሬ ሜትር አይበልጥም። በሩ ዝቅተኛና ጠባብ ስለ ሆነ፥ ጌታም ቢሆን ሎሌ ሰይፉን በውጭ ትቶ በጕልበቱ እየዳኸ ካልሆነ አይገባም። ከሻይ በፊት የሚቀርበውም ምግብ ሩዝ፥ አንድ ሾርባና ሦስት ማባያ ብቻ ሆነ፤ ይህም የጠነከረው ሻይ ባዶ ሆድ እንዳይጐዳ ነው። ባለቤቱ በአገልጋይ አያስቀርብም፤ ራሱ አብስሎ ራሱ ያቀርባል እንጂ። እንግዶቹም በበኩላቸው ጽዋቸውን በወረቀት ጠርገው ንጹሕ አድርገው ይመልሳሉ፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድነት የመብያ እንጨታቸውን ወደ ገበታው ጣል ያደርጋሉ። ከበሩ ወዲያ ያለው ባለቤት ያን ድምፅ ሲሰማ እንግዶቹ እንደ ጨረሱ ያውቃል። እንዲህ ያለ መግባባት በእኛ ዘንድ በጉርሻ እንደሚገለጥ አንባቢ ያስተውላል።

የሪኪዩ ጌታ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ነበር። ይህ ሰው ከዝቅተኛ ወታደር ቤት ተነሥቶ ጃፓንን ሁሉ የገዛ ኃያል ነው። ሪኪዩን ይወደው ነበር፤ ነገር ግን በ1586 ዓ.ም. ግድግዳው፥ ጣራውና ዕቃው በወርቅ የተለበጠ የሻይ ቤት ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢ አስገብቶ አሳየ። እንግዲህ በአንድ ዘመን፥ በአንድ ቤተ መንግሥት፥ የጭቃው ቤትና የወርቁ ቤት ጐን ለጐን ቆሙ። በ1591 ዓ.ም. ሂዴዮሺ በሪኪዩ ላይ ተቈጥቶ በገዛ እጁ እንዲሞት ፈረደበት። ምክንያቱ ዛሬም ድረስ ሊቃውንትን ያከራክራል፤ የሪኪዩ የእንጨት ምስል በአንድ ገዳም የበር ፎቅ ላይ መቆሙ ተጠቅሶበታል። የሆነ ሆኖ ሪኪዩ ሞተ፤ የወርቁም ቤት ጠፋ፤ የጭቃው ቤት ግን ቆሞ ቀረ፤ የሪኪዩም ዘር የሆኑ ሦስት ቤቶች በኪዮቶ የሻይን ሥርዓት እስከ ዛሬ ያስተምራሉ።

«ካይሴኪ» የሚለው ስም የተጻፈበት ፊደልም ይህንኑ ያስታውሳል። ከሪኪዩ በኋላ በመጣው ዘመን የሻይ ሰዎች ይህን ስም «የብብት ድንጋይ» ተብሎ በሚተረጐም ፊደል ጻፉት። መነኮሳት ረኃብ ሲጠናባቸው ድንጋይ አሙቀው በብብታቸው ይይዙ ነበርና፥ ምግቡ ያን የሞቀ ድንጋይ የሚያህል ብቻ ይሁን ማለታቸው ነው። በዓለም ውድ ከሚባሉት ገበታዎች አንዱ ስሙን ያገኘው ከተራበ መነኵሴ ሆድ መሆኑ አያስገርምምን?

ወደ ምግብ ቤቶቹ ታሪክ እንለፍ። የዛሬዋ ቶኪዮ ያን ጊዜ ኤዶ ትባል ነበር። በ1657 ዓ.ም. ታላቅ እሳት ካቃጠላት በኋላ እንደ ገና ስትሠራ ምግብ የሚሸጥባቸው ቤቶች በዙ፤ ከዚያም ሀብታም ነጋዴዎች የሚሰበሰቡባቸው የክብር ቤቶች ተነሡ። ከነዚህ ያኦዘን የተባለው እጅግ ስመ ጥር ነበር። አንድ ቀን እንግዶች ሻይ የፈሰሰበት ተራ ሩዝ አዘዙ ይባላል፤ ግማሽ ቀንም ያህል ጠበቁ። ሒሳቡ ሲመጣ ከአንድ የወርቅ ገንዘብ በላይ ሆነ። ቢቈጡ ባለቤቱ ለሻይው የሚስማማውን ውሃ ከታማ ወንዝ ላይኛው ምንጭ ድረስ ፈጣን መልእክተኛ ልኮ እንዳስቀዳ ነገራቸው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ፤ ይህ የዶገን ትጋት ነው ወይስ የሂዴዮሺ ወርቅ? ከዚያ ቀን ጀምሮ በጃፓን የክብር ገበታ ውስጥ ሁለቱ መንፈሶች ሲታገሉ ይታያሉ።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና ከውጭ ነው። በ1854 ዓ.ም. የአሜሪካው የባሕር አዛዥ ፔሪ ከመርከቦቹ ጋር መጥቶ በዮኮሃማ ሲደራደር ጃፓኖች የሚቻላቸውን ግብር አበሉት፤ ሥጋ የለመዱት እንግዶች ግን ሙያውን አላደነቁም። በ1872 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሜጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው ለሕዝብ ተነገረ፤ ቤተ መንግሥቱም ለውጭ እንግዶች የፈረንሳይ ምግብ ማቅረብ ጀመረ። ሕዝብ መድፍና መርከብ ሲቸግረው በሽሮውና በሞሰቡ ማፈር እንደሚጀምር ይህ ያስረዳል።

ነገር ግን ዕውቀት ራሱ ለአሮጌው ገበታ መሰከረለት። የጃፓን ሾርባ መሠረቱ ኮምቡ የሚባል የባሕር ቅጠልና በጢስ ደርቆ ወራት የፈጀ የዓሣ ቅራፊ ነው። በ1908 ዓ.ም. በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ኢኬዳ ኪኩናዬ ከዚህ ቅጠል ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ ጣዕሙም ከጣፋጭ፥ ከኮምጣጣ፥ ከጨዋማና ከመራራ የተለየ መሆኑን ገልጦ «ኡማሚ» ብሎ ሰየመው። መነኮሳቱ ያለ ሥጋ ሲፈልጉት የኖሩት ጣዕም ይህ ነበር።

ከዚህ በኋላ ዩኪ ቴይቺ የተባለ ወጥ ሠሪ በ1930 ዓ.ም. በኦሳካ ኪቾ የተባለ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተ። ይህ ሰው የሻይን ሥርዓት በትጋት ተምሮ የሪኪዩን መንፈስ ወደ ምግብ ቤት አመጣው፤ ሥዕሉ፥ አበባው፥ ሳሕኑና ወቅቱ ከምግቡ ጋር አንድ እንዲሆኑ አደረገ። መንግሥትም በ1988 ዓ.ም. ባህልን ካገለገሉት ሰዎች ጋር ቈጥሮ አከበረው። ከድስት ሥር ለቆመ ሰው ይህ ታላቅ ማዕረግ ነው።

የኋለኛው ዘመን ታሪክ ግን ክብርንም ኃፍረትንም ይዟል። በ2007 ዓ.ም. ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ የምግብ ቤቶች መዝገብ ስለ ቶኪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም፥ ለዚያች ከተማ የሰጠው ኮከብ ለፓሪስ ከሰጠው በለጠ። በቀጠለው ዓመት ግን በኦሳካ አንድ ስመ ጥር የክብር ቤት እንግዶች ሳይነኩት የተዉትን ምግብ ለሌሎች እንግዶች መልሶ ሲያቀርብ መኖሩ ተገለጠ። ሳሕኑ ያማረ፥ ክፍሉ የተዋበ ነበር፤ ነገሩ ግን ትራፊ ነበር። ሕዝቡ ይቅር አላለም፤ ቤቱም በዚያው በ2008 ዓ.ም. ተዘጋ። እንግዳው ለካ የከፈለው ስለ ዓሣው አልነበረም፤ ስለ ታመነው ፊት ነበር እንጂ። በ2013 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የጃፓንን የምግብ ባህል በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፥ የመዘገበው ይህን ወይም ያን ወጥ ሳይሆን ወቅትን፥ ቤተ ሰብንና እንግዳን የሚያከብረውን ልማድ ነው።

በዚህ ገበታ ላይ አንድ ነቀፌታ አለ፤ ልንሸሽገውም አይገባም። በኪዮቶ አንዳንድ የክብር ቤቶች የቀድሞ ደንበኛ ያላስተዋወቀውን አዲስ እንግዳ አይቀበሉም። የማናውቀውን ሰው ጠባይና ምርጫ ሳናውቅ እንዴት እናስተናግደዋለን ይላሉ። ምክንያቱ ጨዋ ቢመስልም፥ ጌታና ሎሌ እኩል እየዳኹ ይገቡበት የነበረው የሪኪዩ በር ዛሬ ገንዘብና ወዳጅ ላለው ብቻ መከፈቱ ያሳዝናል። በ1837 ዓ.ም. በክብር ምግብ ቤትነት የተከፈተው የኪዮቶው ሂዮቴይ ግን በበጋ ጧት የሩዝ ገንፎና ለስለስ ብሎ የተቀቀለ እንቍላል በማቅረብ የታወቀ መሆኑን ስናስብ፥ አሮጌው መንፈስ ፈጽሞ እንዳልጠፋ እንረዳለን። እንቍላልን ለማንም ሊቀቅለው ይችላል፤ በትክክለኛው ሰዓት ማውጣት ግን ትጋት ይጠይቃል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ታሪክ ያመጣነው ጥሬ ዓሣ እንድትበላ ወይም ሰሌን ላይ እንድትንበረከክ አይደለም። በሀገራችንም ትልልቅ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች እየበዙ ይሄዳሉ። ባለቤቶቻቸው ወርቅ ቅብ ወንበርና ከባሕር ማዶ የመጣ ሳሕን ለማግኘት ብዙ ይደክማሉ፤ ይህ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሂዴዮሺም ወርቅ ነበረው። እንግዳ የማይረሳው ከመድረሱ በፊት የተረጨውን ውሃ፥ ለእርሱ ተብሎ የተመረጠውን አበባ፥ በሰዓቱ የወጣውን እንቍላል ነው። የእኛም እናቶች እጅ ለማስታጠብ ማንቈርቈሪያ ይዘው ሲቆሙ፥ ቡናውን ቈልተው ጢሱን ወደ እንግዳው ሲያቀርቡ፥ ይህንኑ ትምህርት ያለ መጽሐፍ ሲያስተምሩን ኖረዋል። ጃፓኖች በሥርዓት ጻፉት፤ እኛ በሁለት ቃል ተናገርነው፤ ከፍትፍቱ ፊቱ።