አንቴና

ወልዲያም ሆነ መርሳ ሰዉ «አንቴና» ሲል ኮረብታ ላይ የቆመውን የብረት ማማ ማለቱ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለችው ቀጭን ብረትም ግን ስሟ ያው ነው፤ ድሮ እንደ ቀንድ ብቅ ብላ ትታይ ነበር፣ ዛሬ ተሸሽጋለች።

«ይሄ ስልክ ኔትወርክ ይስባል፣ ያኛው አይስብም» የሚለው የሀብሩ ገበያተኛ ፍርድ ልክ ነው፤ መለኪያም አለው። ሞገድ በማያስተጋባ ክፍል ውስጥ ስልኩ የሰው ራስና እጅ አምሳያ ላይ ተደርጎ በየአቅጣጫው ይለካል፦ በጠቅላላው የሚረጨው ኃይልና ሊሰማው የሚችለው እጅግ ደካማ ምልክት።

በጂኤስኤም 900 ኔትወርክ የእጅ ስልክ የሚረጨው ኃይል ጣሪያ 2 ዋት ነው። 3 ዴሲቤል ጎደለ ማለት የኃይሉ ግማሽ ጠፋ ማለት ሲሆን፣ ለዚያ አንዳንዴ መዳፍ ብቻውን ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአይፎን 4 ጠርዝ ሲጨበጥ ምልክቱ እየወረደ አፕልን ነፃ መሸፈኛ እስከ ማደል አድርሶታል። ከማማው በራቀ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ስልኩ ኃይሉን ከፍ ስለሚያደርግ ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

ስክሪኑ ላይ ያሉትን የኔትወርክ ጭረቶች እኔ አላምናቸውም፤ ስንቱ እንደሚበራ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ቀመር ይወስናል።