ውሰት፣ ግዝትና የዐፄ ዮሐንስ ደብዳቤ

አማርኛ ብድርንና ውሰትን ለይቶ ያውቃል። ገንዘብና እህል እንበደራለን፤ የምንመልሰው አቻውን እንጂ ያንኑ ብርና ያንኑ ፍሬ አይደለም። ምጣድ፣ መጥረቢያና መጽሐፍ ግን እንዋሳለን፤ የሚመለሰውም ያው የተወሰደው ዕቃ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሁለቱን ለየብቻ ይደነግጋቸዋል። ይህን ማንሣቴ፣ ቤተ መጻሕፍት በዘገየ መጽሐፍ ላይ ቀን እየቆጠረ የሚጥለው የገንዘብ መቀጫ ውሰትን በብድር ሥርዓት መዳኘት ስለሚመስለኝ ነው። ዕዳው ይወልዳል፤ መጽሐፉ ግን እዚያው ተዋሹ ቤት ነው።

የብራና መጻሕፍታችን ጠባቂ ግዝት ነበር። በመጽሐፉ ባዶ ገጽ ላይ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚወገዘው የሰረቀው፣ የሸጠውና የፋቀው ነው። የባለቤቱን ስም ፍቆ የራሱን የሚጽፍ ብዙ ነበርና። ስለዘገየ ሰው የሚናገር ግዝት ግን አላጋጠመኝም።

ግዝቱ ሁልጊዜ አስፈራ ማለት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ አውጥተዋል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ደግሞ እንግሊዞች ዘረፏቸው፤ 350 ያህሉም ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለግራንቪል ደብዳቤ ላኩ። (እኒሁ ንጉሥ ደጃዝማች ካሣ በነበሩ ጊዜ የናፒየርን ጦር በትግራይ ያሳለፉ መሆናቸው አይዘነጋም።) የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል። መጽሐፉ የአገሪቱን ሕግ፣ የሹማምንቱንና የአድባራቱን ስም የያዘ በመሆኑ፣ ያለ እርሱ ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው አስረዱ። ዋጋ አልተመኑም፤ መጽሐፉ በማን እጅ እንዳለ ተፈልጎ ይመለስልኝ አሉ እንጂ።

ሙዚየሙ ከመቅደላ የመጣ ሁለት ቅጂ ስለነበረው አንዱን በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. መለሰ። ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። ሥዕሉን ለራሱ ያስቀረው፣ ሙዚየሙ ከጦሩ ጋር የላከው ሪቻርድ ሆምስ ነበር። እንግዲህ የተመለሰው በመዝገብ የሰፈረው ነው፤ የቀረው በግለሰብ ቤት የተሰወረው። ሁለቱንም የጠየቀ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ደብዳቤ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው ቅጣት ሳይሆን መዝገብ መሆኑ ከታሪካችን ሁሉ በዚህ ላይ ጎልቶ ይታየኛል።

ዐፄ ዮሐንስ በ1870ዎቹ ቤተ መንግሥታቸውን ባሠሩባት በመቐለ ጉዳዩ ዛሬ የቅርብ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ዋዜማ መጽሐፍ የተዋሰ አንባቢ፣ ጦርነቱ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪቆም ድረስ ሊመልስ አልቻለ ይሆናል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ቀን ቆጥሮ ማስከፈል መጽሐፉን ከነአንባቢው ማራቅ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ክሊራንስም ተመራቂን እስከ መጨረሻዋ ቀን ያስፈራል፤ ተማሪው ትምህርቱን አቋርጦ ከሄደ ግን የሚይዝበት ገመድ የለውም። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የመዘግየት መቀጫን ስትሰርዝ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተመለሱት መጻሕፍት ከእጥፍ በላይ ሆነዋል።

የመቐለ አብያተ መጻሕፍት ከማንኛውም መቀጫ በፊት፣ የትኛው መጽሐፍ በማን እጅ እንደቀረ የሚያሳይ ዝርዝር ቢያዘጋጁና በትግርኛና በአማርኛ ያለ ዕዳ መልሱ የሚል ማስታወቂያ ቢያወጡ እመርጣለሁ። የጠፋን መጽሐፍ ማስተካት የተለየ ጉዳይ ነው፤ እርሱም ቢሆን በገንዘብ ሳይሆን በዚያው መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ይሁን።