ጉልበቱ ተሻገረ፣ ጡረታው ቀረ

(በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» የተጻፈባቸው ዓመቶች በኢትዮጵያ፣ የቀሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1898 ፈረንሳይ በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋ አሠሪው ካሣ እንዲከፍል የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሕጉ ግን አንድ ጨካኝ አንቀጽ ነበረው፦ የሞተው ሠራተኛ የውጭ ዜጋ ከሆነና ቤተሰቡ አደጋው በደረሰበት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ የማይኖር ከሆነ፣ ሚስቱና ልጆቹ ምንም አያገኙም።

አንቀጹ በዋናነት ማንን እንደሚጎዳ ግልጽ ነበር። በደቡብ ፈረንሳይ በወደቡ፣ በግንባታውና በጨው ማምረቻው ጉልበታቸውን የሚሸጡት ጣልያኖች ነበሩ። ቤተሰባቸው አገር ቤት ነው። ከ5 ዓመት በፊት፣ በ1893፣ ኤግ ሞርት በተባለችው የጨው ማምረቻ ከተማ «ሥራችንን ቀሙን» ያሉ ሰዎች ጣልያናውያንን አሳደው ገድለዋል። በይፋ የተመዘገበው የሟቾች ቁጥር 8 ነው። የተከሰሱትን ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበታቸው።

የዛሬው ስደተኛ ታሪክ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው፤ ጣልያን ሙሾ አውርዳ አልተወችውም፣ ለድርድር ተቀመጠች።

በጊዜው የፈረንሳይ ባለፋብሪካዎች ቅሬታ ነበራቸው። የጣልያን ፋብሪካዎች ሴቶችንና ሕፃናትን ያለ ቁጥጥር ረጅም ሰዓት እያሠሩ ዕቃቸውን በርካሽ ይሸጣሉ ይሉ ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 1904 ሮም ላይ የተፈረመው ስምምነት ሁለቱን ችግሮች ለወጠ። ጣልያን የሥራ ቁጥጥሯን ለማጠናከር ቃል ገባች። በምላሹ ፈረንሳይ ያለ ጣልያናዊ ያጠራቀመውን ቁጠባ ወደ አገሩ የሚያዛውርበት መንገድ ተከፈተለት፤ የአደጋ ካሣውም መርህ ተቀመጠ። ከ2 ዓመት በኋላ በ1906 በተፈረመው ዝርዝር ውል የጣልያን ሠራተኞች በአደጋ ካሣ ከፈረንሳዮቹ እኩል ሆኑ። ይህ ስምምነት የዘመናዊው የማኅበራዊ ዋስትና ውል መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል።

ጡረታው ግን ከካሣው ይልቅ ከባድ ነበር። አደጋ በአንድ ቀን ይደርሳል፤ ጡረታ ዕድሜ ልክ የሚጠራቀም ነው። ጀርመን በ1889 ባወጣችው የጡረታ ሕግ አንድ ሠራተኛ 70 ዓመት ሞልቶት፣ 30 ዓመት መዋጮ ከፍሎ መገኘት ነበረበት። የሥራ ዘመኑን ለሁለት አገር የከፈለ ሰው በሁለቱም ባዶ እጁን ይቀራል። ለምሳሌ ሁለት አገሮች ቢያንስ 10 ዓመት ይጠይቃሉ እንበል። በአንዱ 6፣ በሌላው 7 ዓመት የሠራ ሰው በጠቅላላው 13 ዓመት ከፍሎ ጡረታ የለውም።

መፍትሔው የአገልግሎት ዘመንን መደመር ነው። ሁለቱም አገሮች 13ቱን ዓመት ይቆጥሩለታል፤ ክፍያውን ግን እያንዳንዱ በራሱ ድርሻ ልክ ይሸፍናል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1935 ይህን የሚደነግግ ስምምነት አወጣ፤ ያጸደቁት አገሮች ግን ጥቂት ናቸው። በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው በአውሮፓ ነው። በ1958 ሥራ የጀመረው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ የመጀመሪያው ደንቡ ስለ መሥሪያ ቋንቋ ነበር፤ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ስደተኛ ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና። አባል ላልሆኑትም መንገዱ ዝግ አልነበረም። ቱርክ በ1961 ከጀርመን ጋር የሠራተኛ ቅጥር ስምምነት አድርጋ፣ በ1964 የማኅበራዊ ዋስትና ውል ተፈራረመች።

አሜሪካ በዚህ ረገድ የመጀመሪያውን ስምምነት በ1978 ሥራ ላይ ያዋለችው ከማን ጋር ነበር? አሁንም ከጣልያን ጋር።

ይህ ለአበሻ ምን ማለት ነው? በአሜሪካ የእርጅና ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል። በዓመት የሚገኘው ከ4 አይበልጥም፤ ስለዚህ ቢያንስ የ10 ዓመት ሥራ ማለት ነው። 8 ዓመት ሠርቶ አገሩ የተመለሰ ጣልያናዊ የጣልያን ዓመቶቹ ተደምረውለት የ8 ዓመት ድርሻውን ያገኛል። 8 ዓመት ዋሽንግተን ሠርቶ አዲስ አበባ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ግን ከደመወዙ በየወሩ የተቆረጠው እዚያው ይቀራል። አሜሪካ ከየትኛውም የአፍሪካ አገር ጋር እንዲህ ያለ ውል የላትም።

ኢትዮጵያ ለጡረታ አዲስ አይደለችም። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ገባ፤ ዛሬ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ሥርዓቱ የቆመው ግን አገር ውስጥ ባለ አሠሪ ላይ ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለችው ሠራተኛ ስንት ዓመት ብትለፋ ያ ዘመን በኢትዮጵያ የጡረታ መዝገብ አይቆጠርላትም።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች መደመርን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ከ2006 ጀምሮ አንድ የኩዌት ዜጋ ኤምሬትስ ቢሠራ የጡረታ ዋስትናው ይከተለዋል። ይህ ግን ለስድስቱ አገሮች ዜጎች ብቻ ነው። በሳዑዲ ለውጭ ሠራተኛ ያለው የሥራ አደጋ መድንና ሲሰናበት የሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያ ነው። የቤት ሠራተኞች ደግሞ ከሠራተኛ ሕጉ ውጭ በተለየ ደንብ ስለሚተዳደሩ ከዚያም ያነሰ ነው የሚደርሳቸው። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ከሳዑዲ የተባረሩት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ቦሌ ሲደርሱ ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር የያዙት አልነበረም።

«የሚደመር ጡረታ በሌለበት ምን ይደራደሩበታል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፊሊፒንስ በ2019 የጸደቀ ሕጓ ውጭ የሚሠሩ ዜጎቿ በአገራቸው የጡረታ ሥርዓት በግዴታ እንዲታቀፉ አድርጋለች። ውል በሌለበት አገር ያለው ሠራተኛ ግን የአሠሪውንም ድርሻ ራሱ ይከፍላል፤ ይህም ብዙ ቅሬታ አስነስቷል። ለኢትዮጵያዊው ሌላም ስጋት አለ፦ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የደረሰበትን ያየ ሰው በሪያል ያገኘውን በብር ለሚከፈል ጡረታ ማዋጣት ያመነታል።

እነዚህ ከባድ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን የድርድር ጥያቄዎች ናቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚጠየቀው የዓመቶች መደመር ነው። በባሕረ ሰላጤው የአሠሪው ድርሻ በሠራተኛ ስምምነቱ ውስጥ ተጽፎ፣ የስንብት ክፍያውም ለእርጅና የሚቀመጥበት መንገድ ሊበጅ ይችላል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከአረብ አገሮች ጋር ስምምነት ሲፈራረም የሚነገረው የሚሄደው ሰው ብዛትና የሚመጣው ምንዛሪ ነው። በ18 ዓመቷ ሄዳ በ35 የምትመለሰው ልጅ ግን ከገንዘቡ ሌላ 17 ዓመት ዕድሜዋን አውጥታለች። ቁጥሩ ከመቆጠሩ በፊት ስለ እነዚያ ዓመቶች ውሉ ምን እንደሚል መጠየቅ ያለበት ላኪው አገር ነው። ተቀባዩ ሳይጠየቅ አይሰጥም፤ ለጣልያንም አልሰጠም።