ያቺ ወንበር ከየት መጣች?

ባለፈው ነሐሴ መግቢያ፣ አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ ጣሪያ ሲደበድብ፣ ከወደ ሜሪላንድ ስልክ ተደወለልኝ። የአክስቴ ልጅ ናት። በአሥራ አምስት ዓመት ስለምትበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ «እታለም» ነው የምላት። እታለም ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ትኖራለች፣ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች፣ የአንድ የስምንት ዓመት ልጅ እናት ናት። ልጁ ሲስል ለጉድ ነው። ሲናገር ግን ቃል ይተናነቀዋል፤ ንባብም እንደ እኩዮቹ አልሆነለትም።

«ደብዳቤ ላኩብኝ» አለችኝ። «ትምህርት ሲከፈት ስብሰባ ነይ ይላል። አምስት ስድስት ሰው አለበት። ልጄን ሊያባርሩብኝ ነው መሰለኝ።»

ደብዳቤውን ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። አነበብኩት። የሚያባርር ነገር የለበትም። ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ «ልጁ ይመርመር» ብለው አስፈርመዋት ነበር (ሳታነብ ነው የፈረመችው)፤ አሁን ምርመራው አልቋል፣ ለልጁ የተለየ ድጋፍ የሚያገኝበትን ዕቅድ አብረን እናውጣ ነው የሚሏት። ነገርኳት። «እኔ እዚያ ሄጄ ምን እላለሁ? የሚያውቁት እነሱ። የሰጡኝን ፈርሜ እመጣለሁ» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ በስልክ ያላለቀልኝ መልስ ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ እታለምን የምትጠብቅ አንዲት ወንበር አለች። ያቺ ወንበር እንዴት እንደመጣች ብታውቅ አቀማመጧ ይለወጥ ነበር ብዬ አስባለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሌሎቹን ይረብሻል»

እኛ አገር አሜሪካ ሲባል ለአካል ጉዳተኛ ሁሉ የተመቸ፣ ከጥንት ጀምሮ እንዲያ የነበረ ይመስለናል። ታሪኩ ሌላ ነው።

በ1919 የዊስኮንሲን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት መባረሩ ልክ ነው ብሎ ፈረደ። ልጁ ትምህርቱን መከታተል ይችል ነበር። ጥፋቱ ሰውነቱ በሚገባ አለመታዘዙ፣ ሲናገር ፊቱ መጨማደዱ፣ ለሃጩ መዝረክረኩ ነው። አስተማሪዎችንና ተማሪዎችን ያስከፋል ተባለ። በቃ። የብዙዎቹ ምቾት ከአንዱ ልጅ ትምህርት በለጠ።

ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ነው የምትሉ ካላችሁ ወደ ኒው ዮርክ እንሻገር። በ1947 የተወለደችው ጁዲ ሂውማን በፖሊዮ ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ልጅ ነበረች። እናቷ ብሩክሊን ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ልታስገባት ስትወስዳት ርዕሰ መምህሩ ወንበሯ እሳት ቢነሣ አደጋ ነው ብሎ መለሳት። የተሰጣት ምትክ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ቤት ድረስ የሚመጣ አስተማሪ ነበር። ይቺን ልጅ ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ትምህርት ቤት ያልተቀበላቸውና ቤተሰብ ያልቻላቸው ደግሞ ትልልቅ ማቆያዎች ውስጥ ይገቡ ነበር። በ1968 ቢል ባልዲኒ የተባለ የፊላደልፊያ ጋዜጠኛ ካሜራውን ይዞ ፔንሃርስት ወደሚባለው ማቆያ ገባ። አልጋ ላይ የታሰሩ፣ ራቁታቸውን የተተዉ፣ ቀኑን ሙሉ ምንም የማያደርጉ ሰዎችን በቴሌቪዥን አሳየ። ከተማው ደነገጠ። ወላጆቹ ግን አልደነገጡም፤ ቀድሞውንም ያውቁት ነበር።

ፍርድ ቤት የቆሙ ወላጆች

በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለያይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። መንግሥት ትምህርት ካቀረበ ለሁሉም እኩል ማቅረብ አለበት ነው ነገሩ። የአካል ጉዳተኛ ልጆች ወላጆች ይህን ሰምተው «ሁሉም ከተባለ የእኛስ?» ማለታቸው አልቀረም።

በጥር 1971 የፔንሲልቬኒያ የወላጆች ማኅበር በ13 ልጆች ስም ግዛቱን ከሰሰ። የግዛቱ ሕግ አንደኛ ክፍል ሲደርስ የአእምሮ ዕድሜው አምስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ትምህርት ቤት አልቀበልም እንዲል ይፈቅድ ነበር። ጠበቃው ቶማስ ጊልሁል ባለሙያዎችን አቀረበ። ባለሙያዎቹ የተናገሩት ቀላል ነገር ነው፤ መማር የማይችል ልጅ የለም፣ የሚማረው ነገርና ፍጥነቱ ይለያያል እንጂ። ግዛቱ ብዙም አልተከራከረም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተስማማ። ከስምምነቱ ውስጥ አንዱ ነጥብ ለእታለም ወንበር የመጀመሪያው እግር ነው፦ የልጁን ምደባ ከመለወጣችሁ በፊት ለወላጅ ንገሩ፤ ወላጅ ካልተስማማ ይሰማ።

ሁለተኛው ክስ የተነሣው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ነው። ዛሬ የአበሻ ምግብ ቤት ከበዛባቸው የውጭ ከተሞች አንዷ የሆነችው ያቺ ዋሽንግተን። ከሳሾቹ ሰባት ልጆች ነበሩ፤ ሰባቱም ጥቁሮች። ክሱ በስሙ የሚጠራው ሚልስ የ12 ዓመት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። «ባሕርዩ አስቸጋሪ ነው» ተብሎ ከትምህርት ቤት ወጣ፤ ሌላ የሚማርበት ቦታ ግን አልተፈለገለትም። የከተማዋ ትምህርት ቦርድ ራሱ ያመነው አኃዝ እንዲህ ይላል፦ ልዩ ድጋፍ ከሚያስፈልጋቸው 22,000 ያህል ልጆች ውስጥ እስከ 18,000 የሚደርሱት ምንም ልዩ ትምህርት አያገኙም ነበር።

«በጀት የለንም»

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን።

ቦርዱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ልጆቹ የመማር መብት የላቸውም ብሎ አልተከራከረም። መብትማ አላቸው፣ ብቻ ገንዘብ የለንም አለ። ኮንግረስ ተጨማሪ በጀት ካልፈቀደልን ወይም ለሌሎች ልጆች ከተመደበው ካልቀነስን በስተቀር አንችልም። ይህቺ መልስ ለእኛ አዲስ አይደለችም። «በጀት የለም» የሚባል ቁልፍ ስንቱን በር እንደሚዘጋ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል።

ዳኛው ጆሴፍ ዋዲ ነሐሴ 1 ቀን 1972 የሰጡት ውሳኔ በቀላል አማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው። ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ፣ ያለው ገንዘብ ማንም ልጅ ጨርሶ ሳይቀር ለሁሉም በሚዳረስበት መንገድ ይከፋፈል። የበጀት ማነስም ሆነ የአስተዳደር ድክመት የሚያመጣው ጉዳት ከሌላው ልጅ ይልቅ በአካል ጉዳተኛው ልጅ ላይ ሊከብድ አይችልም።

ልብ በሉ፤ ዳኛው ገንዘብ አላችሁ አላሉም። ድህነቱን አልካዱም። የጠየቁት ጥያቄ «እጥረቱን ማን ይሸከመው?» የሚል ነው። እንጀራው ሲያንስ ለሁሉም ይቆረሳል እንጂ አንዱ ልጅ ከገበታው አይነሣም። ይህን ማንም የኢትዮጵያ እናት ሕግ ሳታነብ ታውቀዋለች።

ከፔንሲልቬኒያና ከዋሽንግተን በኋላ በየግዛቱ ክሱ ተከታተለ። ኮንግረስ ጉዳዩን ሲያጠና ከስምንት ሚሊዮን በላይ አካል ጉዳተኛ ልጆች እንዳሉ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተገቢውን ትምህርት እንደማያገኙ፣ አንድ ሚሊዮኑ ደግሞ ከትምህርት ቤት ጨርሶ ውጭ እንደሆኑ አገኘ። ኅዳር 29 ቀን 1975 ፕሬዝዳንት ጄራልድ ፎርድ ሕጉን ፈረሙ፤ ሲፈርሙም ሕጉ ሊፈጽም ከሚችለው በላይ ቃል ይገባል ብለው አጉረመረሙ። በአንድ በኩል አልተሳሳቱም። ኮንግረስ የፌዴራሉ መንግሥት ለአንድ ተማሪ ከሚወጣው አማካይ ወጪ እስከ 40 በመቶ እንዲሸፍን አስቦ ነበር፤ እስከ ዛሬ እዚያ አልደረሰም።

ሕጉ ግን ቆመ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ የጽሑፍ ዕቅድ እንዲወጣለት አዘዘ፤ እዚያ «አይ ኢ ፒ» የሚሉት ነው። ዕቅዱን ከሚያወጡት ሰዎች መካከል ወላጅን አስቀመጠ። ወንበሯ እነሆ!

የቀረውን ቶሎ ቶሎ እንለፈው። በ1973 የወጣ ሌላ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሁሉ አካል ጉዳተኛን እንዳያገል ከለከለ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን አራት ዓመት ሙሉ ሳይፈረም ቆየ። በሚያዝያ 1977 አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ ያለውን የፌዴራል ሕንፃ ገብተው አንወጣም አሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ ወለል ላይ ተኙ፤ ደንቡም ተፈረመ። ከመሪዎቻቸው አንዷ ያቺ «እሳት ቢነሣ አደጋ ናት» የተባለችው ጁዲ ሂውማን ነበረች። በ2017 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዕቅዱ ለይስሙላ ትንሽ ጥቅም መስጠቱ እንደማይበቃ፣ ልጁ ካለበት ሁኔታ አንጻር እንዲሻሻል የሚያስችል መሆን እንዳለበት በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ታሪኩ ሁሉ ድል ነው ማለቴ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቁር ልጆች በአእምሮ መለኪያ ፈተና እየተመዘኑ «ዘገምተኛ» ወደተባሉ ክፍሎች ከቁጥራቸው በላይ ሲታጎሩ ነበር፤ በ1979 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ያንን ፈተና ለዚያ ዓላማ መጠቀምን አገደ። እንዲረዳ የተከፈተ በር ሰው መጣያም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነው ወንበሯ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይበቃው።

ለእታለም ስንቅ

እታለም፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለአንቺ የሚጠቅመው ይኸውልሽ።

አንደኛ፣ አስተርጓሚ ጠይቂ። ወላጅ ስብሰባውን እንዲረዳ አስተርጓሚ ማቅረብን ጨምሮ አስፈላጊውን ማድረግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ይህ የፌዴራል ደንብ ነው። ጎረቤትሽ ዲሲማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከምታገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጋዋለች። ልጅሽን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጊው።

ሁለተኛ፣ ሕጉ እንግሊዝኛ አለማወቅ ብቻውን አካል ጉዳት እንዳይባል ይከለክላል። ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ ንባብ ቢዘገይበት ምክንያቱ የቱ እንደሆነ ጠይቂ። በምን ቋንቋ ፈተናችሁት በያቸው።

ሦስተኛ፣ ስብሰባው ላይ መገኘትሽን የሚያሳይ ፊርማና በዕቅዱ መስማማትሽን የሚያሳይ ፊርማ የተለያዩ ናቸው። ልዩ ትምህርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጀመር ያለ አንቺ ፈቃድ አይጀመርም። ምርመራው ካልጣመሽ በሌላ ባለሙያ ይታይልኝ ማለት ትችያለሽ፤ ወይ ወጪውን ይችላሉ፣ ወይ ምርመራቸው ትክክል መሆኑን ለገላጋይ ዳኛ ያስረዳሉ።

አራተኛ፣ ዕቅዱ አንዴ ከወጣ በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት በእጃቸው መገኘት አለበት። አዲሷ አስተማሪ አይታው እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቂ። በየግዛቱ ቢያንስ አንድ የወላጆች ማሠልጠኛና መረጃ ማዕከል አለ፤ ምክሩም በነፃ ነው።

በመጋቢት 2025 ፕሬዝዳንት ትራምፕ የትምህርት ሚኒስቴሩን ለመዝጋት የሚያዘጋጅ ትእዛዝ መፈረማቸውን ሰምተሽ ይሆናል። መሥሪያ ቤት ሊዳከም ይችላል፤ የኮንግረስን ሕግ ግን የፕሬዝዳንት ትእዛዝ አይሽረውም። ብቻ ሕጉን የሚጠብቀው ቢሮ ሲዳከም፣ የሚጠብቀው ሰው የበለጠ ያስፈልጋል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህን ስጽፍ የዘሚ የኑስ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም። ዘሚ ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖራ አዲስ አበባ ተመለሰች፣ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፈተች። ልጇ ኦቲዝም ነበረበት፤ የሚያስገባ ትምህርት ቤት አጣች። እሷ የሚከሰስ ሕግ በእጇ አልነበረም። ስለዚህ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርታ ራሷ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ እየወጣች «ልጆቻችሁን አትደብቁ» ስትል ኖራ በ2021 አረፈች።

ከዚያ ወዲህ አገራችን በ2006 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አወጣች፣ በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች። ወረቀቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም መስከረም በመጣ ቁጥር ልጇን ይዛ ከበር ወደ በር የምትዞር እናት አሁንም «ሠራተኛ የለንም፣ ቦታ የለንም» የሚለውን ትሰማለች። ለዚያ መልስ የዳኛ ዋዲ ጥያቄ ይበቃኛል፦ እሺ፣ እጥረት አለ፤ ታዲያ ሁልጊዜ የሚሸከመው ለምን እሱ ይሆናል?

እታለም ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ስብሰባው ላይ ተገኘች። ማታ ደወለችልኝ።

«አስተርጓሚዋ የጎንደር ልጅ ናት» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ቀጠለች፤ «ሥዕሎቹን ይዤ ሄድኩ። ንባቡን በሥዕል ብታስጀምሩትስ አልኳቸው። ጻፉት።»

«ፈረምሽ?»

«አልፈረምኩም። ቤት ወስጄ ላንብበው አልኳቸው።»

«ምን አሉሽ ታዲያ?»

«መብትሽ ነው አሉኝ» አለችና ሳቀች።