ዳማው፣ ሳንቲሙና ያልተሳለው አጥር

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ዳማ በቆርኪ ለተጫወትን ሰዎች ይህ ታሪክ አይከብደንም። የሰውን ማኅበራዊ ጠባይ በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት ሲጀመር ከመነሻዎቹ አንዱ የዳማ ሰሌዳ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ከ110,000 በላይ የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ከቤታቸው አንሥቶ በካምፕ አጎራቸው። አብዛኞቹ እዚያው የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ከታጎሩት አንዱ ጄምስ ሳኮዳ የሥነ ልቦና ተማሪ ነበር። እዚያው ሆኖ ማን ማንን እንደሚቀርብ፣ ማን ከማን እንደሚርቅ ይመዘግብ ነበር፤ በ1949ም የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ ላይ ሠራ። ሐሳቡንም ወደ ዳማ ሰሌዳ አመጣው። በሰሌዳው ላይ ሁለት ወገን አለ፤ አንዱ ሌላውን ይወዳል፣ ይሸሻል ወይም ግድ አይሰጠውም። ኮምፒውተሩ በየተራ ያንቀሳቅሳቸዋል።

ሳኮዳ ይህን ባሳተመበት በ1971፣ በዚያው መጽሔት ላይ ኢኮኖሚስቱ ቶማስ ሼሊንግም ተመሳሳይ ሥራ አወጣ። እሱ የተጠቀመው በሳንቲሞች ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም የሚጠይቀው ትንሽ ነው፦ «ከጎረቤቶቼ ሲሶው እንኳ የኔ ዓይነት ይሁን።» ካልሆነለት ወደ ባዶ ቦታ ይዛወራል። ውጤቱ ግን ማንም ያልጠየቀው ሆነ፤ ሰሌዳው ለሁለት ሰፈር ተከፈለ። ሼሊንግ በጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ሥራው በ2005 ኖቤል ተሸለመ። ሳኮዳን ግን ስንቱ ያስታውሰዋል?

እዚህ ጋ ቆም እንበል። የሳንቲሙ ጨዋታ መለያየት ያለ ጥላቻ ሊመጣ እንደሚችል ያሳያል። በአሜሪካ ከተሞች እንዲያ ሆኖ መጣ ማለት ግን አይደለም። እዚያ ብድር የከለከሉ ባንኮች ነበሩ፤ ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚያስሩ ውሎች ነበሩ። ሳኮዳም ካምፕ የገባው ወዶ አይደለም። በሰሌዳው ላይ አጥሩ አልተሳለም።

በ2023 ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና የጎግል ተመራማሪዎች 25 ገጸ ባሕርያት የሚኖሩባት የኮምፒውተር ከተማ ሠሩ። ነዋሪዎቹ በዚያን ጊዜ ቻትጂፒቲን ያንቀሳቅስ በነበረው የቋንቋ ሞዴል እርስ በርስ ያወሩ ነበር። ለአንዷ ብቻ የፍቅረኞች ቀን ግብዣ እንድትደግስ ሐሳብ ተሰጣት። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ 12 ተጋበዙ፣ 5 መጡ። ከቀሩት 3ቱ ጉዳይ አለብን አሉ፤ 4ቱ ደስ ይለናል ብለው ነበር፣ ግን ብቅ አላሉም። የኛ የግብዣ ኮሚቴ ይህን ቢሰማ «ይሄ እኮ እኛው ነን!» ማለቱ አይቀርም።

ነገር ግን መመሳሰል ምክንያትን አያሳይም። የሳንቲሙን ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር እናነበዋለን፤ የእነዚህ ተናጋሪዎች ግን በብዙ የሰው ጽሑፍ የተቀረጸ ስለሆነ እንዲያ ተገልጦ አይነበብም። ከመካከላችን መሥሪያ ቤት የሚመራ፣ ከተማ የሚያቅድ፣ ተማሪ የሚያስተምር ብዙ ነው። ነገ አንዱ መጥቶ «ሕዝቡ እንዲህ እንደሚያደርግ ኮምፒውተሩ አሳይቷል» ቢለን፣ ሁለት ነገር እንጠይቀው፦ ለገጸ ባሕርያቱ የሰጠኸው ሕግ ምንድን ነው? አጥሩንስ የት አደረግኸው?